ፊታውራሪን ማን በላው

ዱካሞ በዕድሜው የበላው ዓሣ ቢቆጠር ሐዋሳ ሐይቅ ራሱ ይደነግጣል። ተጠብሶ በልቷል፣ በወጥ በልቷል፣ አሞራ ገደል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጥሬውን በሚጥሚጣ ሙልጭ አድርጓል። የእትዬ የአለምወርቅን ፊታውራሪ ግን አልበላም። ይሄንን ሦስት ወር ሙሉ ማለ፣ ተገዘተ፤ የሰማው ሰው የለም።

ፊታውራሪ ዓሣ ነው። እትዬ የአለምወርቅ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ ያላቸውን ቤት የገዙት ከአንድ ሽማግሌ ህንድ ነው፤ ሰውዬው ሲወጣ እንባውን እየጠረገ ከነኩሬው ከነስምንት ዓሣው አደራ ብሏቸው ሄደ። ቀያይ፣ ብርቱካንማ፣ ለዓይን እንጂ ለድስት የማይሆኑ ዓሣዎች ናቸው። እትዬ በጓሮው ያሉትን አራት ክፍሎች እንደነ ዱካሞ ላሉ ያከራያሉ፤ ዓሣዎቹን ግን እንደ ልጅ ነው የያዟቸው። ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር ቁጭ ይሉና በጣታቸው ቀለበት ድንጋዩን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋሉ። ያኔ ትልቁ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው፣ ጅራቱን በግራ በኩል ድመት የቀደደችው፣ ከሁሉ ቀድሞ ብቅ ይላል። ሌሎቹ ከኋላው ነው የሚከተሉት። ፊታውራሪ ያሉትም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ሰኔ ላይ፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት በሚልስበት ሰሞን፣ እትዬ ቀጭ፣ ቀጭ አደረጉ፤ ሰባት ዓሣ እየተጎተተ መጣ። ፊታውራሪ የለም። ውሃው እንደ አተር ወጥ አረንጓዴ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ሦስት ቀን ጠበቁ፣ የለም። በአራተኛው ቀን ወንድም ሽጉጤ አፉን ከፈተ።

ሽጉጤ የዱራሜ ሰው ነው፤ አርባ የሞላው፣ ጀፕ በሚባለው የሀበሻ ገበያ መንገድ ላይ የስልክ ከቨር የሚሸጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ተነስቶ መመስከር የሚወድ። ድምፁ ማይክ አያስፈልገውም። በዚያን ጊዜ የሚኖረው ከልብስ ማስጫው ጀርባ ባለችው ዞዞ ውስጥ ነበር። ዞዞ ማለት በቃ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በብርድ ጊዜ ውስጡ ያለ ውሃ ከውጭው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ዱካሞ ደግሞ ከእትዬ ኩሽና ጋር በግድግዳ የሚገናኘው፣ ምድጃው በተለኮሰ ቁጥር የሚሞቀው ክፍል ውስጥ ነበር። ሽጉጤ ያንን ክፍል ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን ዱካሞ ያውቃል።

«እትዬ፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለ ሽጉጤ። «ግን ልቤ አላሳርፍ አለኝ። ማክሰኞ ማታ ከዱካሞ ክፍል የዓሣ ጥብስ ሸቶኛል።»

ሸቶታል! ውሸት የለውም! ዱካሞ ማክሰኞ ማታ ፒልቻርድ የሚባለውን የቆርቆሮ ዓሣ በሽንኩርት ጠብሶ በዳቦ በልቷል። ሮጦ ሄዶ ቆርቆሮውን ከቆሻሻ ውስጥ አውጥቶ አሳየ።

«ቆርቆሮውንማ ለማስመሰያ ነው የገዛው» አለ ሽጉጤ፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። «እትዬ፣ የሐዋሳ ልጅ እኮ ነው። እነሱ ዓሣ ሲያዩ ራሳቸውን መግታት አይችሉም። ጥሬውን ነው የሚበሉት!»

እዚህ ላይ አለቀ። ጥሬ ዓሣ የምትለዋን ቃል ሲሰሙ እትዬ ሌላ ማስረጃ አልጠየቁም። በዚያው ቀን ዱካሞ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ዞዞ፣ ሽጉጤ መጽሐፍ ቅዱሱን ታቅፎ ወደ ሙቁ ክፍል። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ለተከራይ ሁሉ የሚቀርበው ማዕድ ላይ ዱካሞ አይጠራም። ሲያልፍ «ሚያው!» ይሉታል። እሱ ጀፕ ላይ የታክሲ ዕቃ ሲጭን፣ ይሄንን የሰሙ ልጆችም «ሚያው!» ጀመሩ። አማርኛ የማያውቁት የዙሉ ሾፌሮች ሳይቀሩ «ሳውቦና፣ ሚያው!» ብለው ሰላም ይሉታል። ስሙ ጠፋ። እናቱ ያወጡለት ዱካሞ የሚባል ስም ቀረና የድመት ድምፅ ሆነ። ብርዱን ይችላል። ይሄንን ነው ያልቻለው።

መስከረም ሲደርስ፣ የጎረቤት ዛፍ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር፣ እትዬ ዞዞው በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ይመጣል። ኩሬው ደግሞ አተላ መስሏል። አንተው ታጸዳዋለህ።»

«እሺ እትዬ።»

«የቀሩትን ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰባት ናቸው።»

«እሺ እትዬ» አለ ዱካሞ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጀመረ። ዓሣ ማጽዳት ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የሞተውን ነው። በሕይወት ያለውን እንዴት እንደሚይዙት ያሳየችው የእትዬ ልጅ ፌቨን ናት። ፌቨን እዚሁ ጆበርግ የተወለደች፣ አማርኛዋ መሃል ላይ እንግሊዝኛ ብቅ የሚልባት፣ ነገር የገባት ልጅ ናት። ስልኳን ይዛ ኩሬው ዳር ተቀምጣ ቪዲዮውን ትተረጉምለታለች።

«ውሃውን ሁሉንም አታውጣ፤ ግማሹን ብቻ። ዓሣዎቹን በራሳቸው ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርጋቸው። የማጣሪያውን ስፖንጅም በኩሬው ውሃ ነው የምታጥበው፣ በቧንቧ አይደለም፣ okay?»

«እናትሽ በበረኪና ፈትገው ብለውኛል እኮ።»

«ኖ ኖ ኖ! ይሞታሉ! የቧንቧውም ውሃ መድኃኒት ስላለው ሁለት ቀን በበርሜል ቆሞ ነው የሚገባው።»

«እና ምን ላብላቸው? ከስተዋል እኮ።»

«ብርድ ላይ አይበሉም። ጾም ላይ ናቸው በለው። አሁን ሲነቁ ደግሞ ቀስ ብለህ ነው። አንድ ፍሬ ትሰጣለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ሌላ ትሰጣለህ። ካጎረስካቸው ሆዳቸው አይችልም።»

«ከሰው ይልቅ ለእነሱ ታዝኑላቸዋላችሁ» አለ ዱካሞ። ፌቨን ቪዲዮውን ወደ ፊት አሳለፈች። ሰኔ ላይ ሁሉም ሲስቅ እሷ እንዳልሳቀች ያስታውሳል፤ እንዳልተከራከረችለትም ያስታውሳል።

ሰባቱን አወጣ። ውሃውን በባልዲ እየቀዳ ለእትዬ ጎመን አጠጣ። ግማሽ ሲደርስ ታችኛው ጭቃ መታየት ጀመረ፤ ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ ሽታው አፍንጫ የሚነቅል። በእጁ እየዛቀ ሲያወጣ ጥግ ላይ የሆነ ጠንካራ ነገር ነካ። ወፍራም የሸክላ ቧንቧ ነው፤ ሽማግሌው ህንድ ለዓሣዎቹ መደበቂያ ያስቀመጠው መሆን አለበት። አፉን ቅጠልና ጭቃ ሞልቶታል። ዱካሞ ጭቃውን ጠረገና ጎንበስ ብሎ አየ።

ከውስጥ አንድ ዓይን አየው።

ዱካሞ እጁን ቀስ አድርጎ ሰደደ። ቀዝቃዛ፣ ትልቅ፣ ከሳ ያለ ግን ሕይወት ያለው ነገር መዳፉ ላይ ተንቀሳቀሰ። ቀይ። ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ። ጅራቱ በግራ በኩል የተቀደደ። ጌትዬው ብርዱን ሸሽቶ ገብቶ፣ በሩ ተደፍኖበት፣ በቀጭን ቀዳዳ ውሃ እየተነፈሰ ሦስት ወር ተኝቷል። ሰውን ዞዞ አስገብቶ!

ዱካሞ ሊጮህ አፉን ከፈተ። «እትዬ! ኑ እዩ!» ሊል ነው። እዚህች ላይ ሽጉጤ ከሙቁ ክፍል ወጣ። ወንበሩን ፀሐይ ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ እግሩን ዘረጋና ወደ ኩሬው አየ።

«ሚያው» አለ። «ደግሞ ስትታጠብ ጺምህን እንዳትልስ።»

ዱካሞ አፉን ዘጋ።

አሁን ቢጮህ ምን ይሆናል? ሽጉጤ «ውይ፣ ተሳስቼ ነው ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ» ይላል። እትዬ «ይቅር በለን» ይላሉ። በቃ። ሦስት ወር ብርድ፣ ሦስት ወር ሚያው፣ በአንዲት «ውይ» ሊያልፍ? የለም። ለሽጉጤ ይሄንን በነጻ አይሰጠውም። ሽጉጤ በገዛ አፉ፣ በዚያው በሚወደው ምስክርነት፣ ሰው ሁሉ ፊት መስመጥ አለበት።

ፊታውራሪን በኩሬው ውሃ የቀለም ባልዲ ውስጥ አደረገው፣ ላዩ ላይ የታጠበ ሱሪ ጣል አደረገና ተነሳ። ፌቨን ቆማለች። አይታለች።

«ዱካሞ! ማሚ ለእሱ እኮ አልቅሳለች!»

«ለእኔስ ማን አለቀሰ?»

ፌቨን ወደ ባልዲው አየች።

«አራት ቀን» አለ ዱካሞ። «እስከ እንቁጣጣሽ ብቻ። ከዚያ በኋላ ስሜን ያጠፋው ስሜን ይመልሳል።»

«ከሞተብህስ?»

«ከሞተማ በላሁት ማለት ነው፣ አይደል? ማን ያምነኛል?»

ፌቨን ትንሽ አሰበችና ከንፈሯን ነከሰች። «ከሞተ እኔ ራሴ ነኝ የምገድልህ። Sharp?»

«እሺ፣ ሻርፕ።»

ሰኞ ዕለት ዱካሞ ሥራ ሲያበቃ ጀፕ ላይ ወደ ጋሽ ኃይለማርያም ሱቅ ገባ። ጋሽ ኃይለማርያም ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሁሉም የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ እርቅ እፈልጋለሁ» አለ ዱካሞ፣ አንገቱን ሰብሮ። «ይሄ የዓሣ ነገር በአዲስ ዓመት ይለቅ። በደንቡ፣ በድንጋይ ይሁን።»

«ጎሽ!» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። «እንዲህ ነው ሰው። አጠፋሁ ትላለህ ማለት ነው?»

«ጋሼ፣ እኔማ ድንጋዩን ይዤ እመጣለሁ። ነገሩ ሰው ፊት ከሥር ከመሠረቱ ይነገር። ከዚያ ያጠፋ ይሸከም።»

«ደንቡ እንደዚያ ነው። ያጠፋ ይሸከማል፤ የተበደለ አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም።»

«እስኪለው ድረስ» አለ ዱካሞ። «ይቺን ሰው ፊት ይድገሙልኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው በልጁ ትሕትና ልባቸው ተነካ። ዱካሞ ከሱቁ ሲወጣ ጥርሱን ላለማሳየት ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ ነው።

አራቱ ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ዓሣ በባልዲ ማኖር ሕፃን እንደ ማሳደግ ነው። ጠዋት ማታ ከኩሬው ውሃ እየሰረቀ ይቀይራል። አየር እንዲያገኝ በኩባያ ከፍ አድርጎ እየቀዳ ያንቆረቁርለታል። ፊታውራሪ አንዳንዴ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፤ ያኔ ዱካሞ ላብ በላብ ይሆናል። «አይዞህ ጌታዬ» ይለዋል። «አንተ ካልዋኘህ እኔ ድመት ሆኜ መቅረቴ ነው። ከፈለግህ ጠላትህን አስብና ጽና። ያችን ቀዳጇን ድመት አስብ። እኔ ሽጉጤን አስባለሁ።»

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሽጉጤ የዞዞውን በር ሳያንኳኳ ገፋው። ባልዲው ውስጥ ቸብ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ልብስ ዘፍዝፌ።»

ቸብ! ደግሞ።

«ልብሱ ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

«ካልሲ ነው። አንድ ወር ሳላጥበው ቆይቼ ነው፤ ሕይወት ዘርቷል።»

ሽጉጤ አፍንጫውን ያዘ፣ አልቀረበም። «ጋሽ ኃይለማርያም ነግረውኛል። ልትናዘዝ ነው አሉ። ጥሩ ነው። እኔም ለመመስከር ተዘጋጅቻለሁ።»

«ምንም እንዳታስቀር፣ ወንድም ሽጉጤ» አለ ዱካሞ። «ያየኸውን ሁሉ። ኃጢአቴ ሙሉ በሙሉ ይውጣልኝ።»

የሽጉጤ ፊት በራ። ተመልካች እንደሚጠብቀው ዘፋኝ ነበር የሄደው።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ኩሬው ጠርቷል። የታችኛው ድንጋይ ሳይቀር ይታያል፣ የኩሬው ፓምፕ ውሃ ይረጫል፣ ሰባቱ ዓሣዎች ፀሐይዋ ላይ ይንሸራሸራሉ። እትዬ ጓሮው ላይ ወንበር ደርድረው ተከራዩን፣ ጎረቤቱን፣ የጀፕን ሰው ጠርተዋል። ሚያው ከሚሉት ውስጥ አንድም የቀረ የለም። ምሳ ተበላና ጋሽ ኃይለማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዱካሞ ከዞዞው ጀርባ ወጣ። ጫንቃው ላይ ከኩሬው ዳር የነቀለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ የዱቄት ጆንያ የሚያህል። ዱካሞ ቀኑን ሙሉ የታክሲ ዕቃ የሚጭን ሰው ነው፤ ለእሱ እንደ ኮፍያ ነው። ድንጋዩን የመረጠው ግን ለራሱ ጫንቃ ለክቶ አይደለም።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም፣ «ያጠፋ ሰው ይሸከማል፤ የተበደለው አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። መጀመሪያ ነገሩ ይነገር። ሽጉጤ፣ አየሁ የምትለው አንተ ነህ። ተነስ።»

ሽጉጤ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ።

«ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚያች ማክሰኞ ማታ በክፍሌ በጸሎት ላይ ሳለሁ አንድ ሽታ መጣ።»

«ሽታ ብቻ ነው?» አለ ዱካሞ ከድንጋዩ ሥር፣ በቀጭን ድምፅ። «ምንም አታስቀር ብዬሃለሁ።»

ሽጉጤ ዙሪያውን አየ። ሰዉ ጸጥ ብሏል። እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቶ ዝም ማለት አልተፈጠረለትም። «ሽታ ብቻ አይደለም! በመስኮቱ አየሁ! መጥበሻው ላይ ዘይቱ ቸስ ሲል፣ ያ ምስኪን ዓሣ እንደ ወርቅ ሲያበራ!»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«በዓይንህ?» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም።

«በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ! ጌታ ምስክሬ ነው!»

«ፊታውራሪ ለመሆኑ በምን አወቅኸው?» አለ ዱካሞ።

«ነጩ ነጥብ ነዋ! ግንባሩ ላይ!»

«ጭንቅላቱን ምን አደረግኩት?»

«መጠጥኸው!»

«ጅራቱንስ?»

«ለድመት ወረወርክላት!»

«የተቀደደውን ጅራት?»

«ራሱን! የተቀደደውን!»

ሰዉ «ውይ፣ ውይ» አለ። አንዷ ጎረቤት ደረቷን መታች። ዱካሞ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አስተካከለና ቀና አለ።

«ፌቨን፣ ድመቷ ያስተረፈችውን አምጪልን።»

ፌቨን ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ መጣች፣ ኩሬው ዳር ተንበረከከች፣ ቀስ አድርጋ አዘነበለችው። አንድ ትልቅ ቀይ ነገር ተንሸራቶ ገባ።

ሰዉ ወንበሩን ትቶ ወደ ኩሬው ተጋፋ።

«ገዝቶ ነው!» ብሎ ጮኸ ሽጉጤ። «ከሱቅ ገዝቶ ያመጣው ነው! እትዬ፣ አይሸውድዎት!»

እትዬ የአለምወርቅ ከወንበራቸው ተነሱ። ኩሬው ዳር ቁጭ አሉ። ቀለበታቸውን ድንጋዩ ላይ አደረጉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሰባቱ ወደ ዳር መጡ። ትልቁ ታች ቀረ። ወደ ጎኑ ዘንበል አለ።

ዱካሞ ከድንጋዩ ሥር አየው። በአራት ቀን ባልዲ ገደልኩት ማለት ነው፤ አሁን በእውነት የእትዬን ዓሣ ገዳይ ሆንኩ ማለት ነው። ድንጋዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደው። ሽጉጤ ፈገግ ማለት ጀመረ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ታች ያለው ጅራቱን አንዴ አወዛወዘ። የተቀደደውን። ቀና አለ። ከዚያ በሰባቱ መሃል ሰንጥቆ አልፎ፣ ከሁሉም ፊት፣ አፉን ከፍቶ እትዬ ጣት ሥር ብቅ አለ።

«ፊታውራሪዬ!» አሉ እትዬ፣ እልልታና ለቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ። «ፊታውራሪዬ! ግንባሩ! እዩት ግንባሩን! የት ነበርክ አንተ ጉድ?»

«ቧንቧ ውስጥ ነበር፣ እትዬ» አለ ዱካሞ። «ጭቃ ተደፍኖበት። ከሰኔ ጀምሮ።»

መጀመሪያ የሳቁት የጀፕ ልጆች ናቸው። ከዚያ ሁሉም። «ጭንቅላቱን መጠጠው አላለም?» «ለድመት ወረወረላት አላለም?» አንዱ ከኋላ ቆሞ ወደ ሽጉጤ «ሚያው!» አለ፤ ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። ሽጉጤ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ቁም!» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ጌታን ምስክር ጠርተህ ነው የምትሄደው? ያጠፋ ይሸከማል ተብሏል። ዱካሞ፣ ስጠው።»

ዱካሞ ድንጋዩን ከራሱ ጫንቃ ላይ አነሳና በጥንቃቄ፣ በአክብሮት ጭምር፣ የሽጉጤ ጫንቃ ላይ አስቀመጠው። የስልክ ከቨር የሚሸጥ ጫንቃ ነው። ወገቡ ወዲያው ታጠፈ።

«ጥፋተኛ ነኝ» አለ ሽጉጤ፣ ወደ መሬት። «ክፍሉን ፈልጌ ነው። ብርዱ ገድሎኝ ነው። ውሰደው፣ ዛሬውኑ እወጣለሁ።»

«ክፍሉንማ እወስደዋለሁ» አለ ዱካሞ። «ሌላውን በል።»

«ዱካሞ አልበላም።»

«መንገድ ላይ ያሉት አልሰሙም።»

«ዱካሞ አልበላም!»

«የልጁ ስም ማነው?»

«ዱካሞ! ዱካሞ ነው!»

እትዬ ተነስተው ዱካሞን አንገቱ ላይ ሳሙት። «ይቅር በለኝ ልጄ። እሁድ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።» ዱካሞ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አላስጨረሱትም።

«እንግዲህ በቃው» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። የሽጉጤ እግር መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። «በአዲስ ዓመት ነው። አውርድ በለው፣ ልጄ።»

«እላለሁ ጋሼ። ለምን አልልም?» አለ ዱካሞ። «ብቻ እነዚህ ፍጥረቶች ክረምቱን ሙሉ አልበሉም። መጀመሪያ እነሱን።»

ኩሬው ዳር ቁጭ አለ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። ከኪሱ የዓሣውን ምግብ አወጣ፣ አንዲት ፍሬ መረጠ፣ ፊታውራሪ አፍ ላይ ጣል አደረገ። ፊታውራሪ ዋጣት። ዱካሞ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ።

«ምን እየጠበቅህ ነው?» አለ ሽጉጤ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አውርድ በለኛ!»

«ቀስ ተብሎ ነው የሚበላው» አለ ዱካሞ። «አንድ ትሰጣለህ፣ ትጠብቃለህ። አይደል ፌቨን?»

ፌቨን ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን እንደምታይ ሆነች። «አዎ» አለች፣ ሳትስቅ። «ቀስ ተብሎ ነው።»

ዱካሞ ሁለተኛዋን ፍሬ ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጎ አያት። ፊታውራሪ በልቷል። ገና ሰባት ይቀራሉ።